የባንግላዴሽ ባንክ ዝርፊያ፦ ምርመራው በእርግጥ እስከ ጦሩና እስከ ኩባንያዎቹ ደርሷል?

አንባቢው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ሒሳብ ላይ 81 ሚሊዮን ዶላር የተዘረፈበትን ጉዳይ አንሥተን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። አንደኛው ወገን የሰሜን ኮሪያ ጦር ሥራ መሆኑ ታውቋል፣ አሜሪካኖችም ሰው በስም ጠቅሰው ከስሰዋል፣ ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት ነው ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ገንዘቡ የቀለጠው በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ባንክና ካዚኖ (ቁማር ቤት) ውስጥ ስለሆነ ስለ ጦር የሚወራው ማድበስበሻ ነው ብሎ ይሟገታል።

እኔን የከነከነኝ ከሁለቱም ለየት ያለ ነው። በተራ የባንክ ስርቆት የተጀመረ ምርመራ የአንድን አገር ወታደራዊ የመረጃ ተቋምና በንግድ ስም የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶችን በምን መንገድ ወደ አንድ መዝገብ አመጣቸው? ከዚህ ሁሉ ውስጥስ በፍርድ ቤት ተመዝኖ የተረጋገጠው የትኛው ነው፣ በክስ ደረጃ የቀረውስ? ልብ የሚሰቅለውን ትረካ ከየቦታው ሰምቼዋለሁ፤ የቸገረኝ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ነው። የምታውቁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።


ደብተራ ዘባንክ

ውድ አንባቢው፣ እኔ በአንድ ባንክ የውጭ ክፍያዎች ክፍል ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንሁ ከማውቀው፣ ማለትም ከመልእክቱና ከወረቀቱ ልጀምር። ስለ ኮምፒውተር ጠለፋው ዱካ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አሉ።

በመጀመሪያ ገንዘቡ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አልነበረም። ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች የዶላር ክምችታቸውን ኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያስቀምጣሉ፤ ሲፈልጉም ይህን ያህል ለእገሌ ክፈልልኝ የሚል ትእዛዝ በስዊፍት ይልካሉ። መቀመጫው ቤልጂየም የሆነው ስዊፍት ገንዘብ የሚጓዝበት መንገድ አይደለም፤ የታመነ መልእክት ማስተላለፊያ ነው። በላኪው ባንክ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል። የሁለቱንም የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ለተቀባዩ ባንክ ያው ባንኩ ራሱ ነው፤ ኒው ዮርክ ያለው ሠራተኛ ፊት ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዘራፊዎቹ ያገኙት ይህንኑ ነው። ግድግዳ መቦርቦርም፣ ካዝና መስበርም አላስፈለጋቸውም።

ትእዛዞቹ የተላኩት ሐሙስ ፌብሩዋሪ 4፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን ሰዓቱ በዳካ ምሽት፣ በኒው ዮርክ ማለዳ ነበር። ቁጥራቸው 35፣ ድምራቸውም 951 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ቀን እንዴት እንደተመረጠ ልብ ይበሉ። በባንግላዴሽ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዳካ እሑድ ሥራ ስትገባ ኒው ዮርክ በቅዳሜና እሑድ ዕረፍቷ ላይ ናት። ሰኞ ፌብሩዋሪ 8 ኒው ዮርክ ስትከፍት ደግሞ በፊሊፒንስ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ስለሆነ ማኒላ ዝግ ነች። ከሐሙስ ማታ እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱ ከተሞች በአንድ ጊዜ ነቅተው የሚነጋገሩበት አንድም የሥራ ቀን አልነበረም። ይህን ያቀደ ሰው የሦስት አገር የዘመን መቁጠሪያ ፊቱ ዘርግቶ መቀመጥ ነበረበት።

አሁን ወደ ማተሚያው ልምጣ። በዳካው ባንክ አሥረኛ ፎቅ ላይ በሚገኘው ክፍል የሚላከውና የሚመጣው የስዊፍት መልእክት ሁሉ በራሱ ጊዜ ይታተም ነበር፤ ጠዋት የገባ ሠራተኛ ወረቀቱን ሰብስቦ ከሒሳቡ ጋር ያመሳክራል። ዓርብ ጠዋት ማተሚያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኞቹም እንደ ማንኛውም ቀን የመሣሪያ ብልሽት ነው ብለው አለፉት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በዳካዎቹ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። በእኛም ክፍል ማተሚያው ወረቀት ነክሶ ሲቆም ክዳኑን ከፍተን፣ ሮለሩን በጣታችን አዙረን፣ እምቢ ሲል ለጥገና ክፍል ደውለን ሻይ ለመጠጣት እንወርዳለን። ያልታተመው ወረቀት ውስጥ ምን ተጽፎ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በዳካ ማተሚያው በመጨረሻ ሲነሣ የፌዴራል ሪዘርቭ ጥያቄዎች ተግተልትለው ወጡ፤ ይህን ሁሉ ክፍያ በእርግጥ እናንተ ናችሁ ወይ ያዘዛችሁት የሚሉ ነበሩ። ከዳካ ወደ ኒው ዮርክ ስልክም፣ ፋክስም፣ ኢሜይልም ተሞከረ፤ ነገር ግን በዚያኛው ጫፍ ቢሮው ተዘግቷል።

ከ35ቱ ትእዛዞች ያለፉት አምስት ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም በቅርጽ ጉድለት ተመልሰው ነበር፤ ተስተካክለው ዳግም ሲላኩ አምስቱ ሄዱ፣ ሠላሳው ታገዱ። ለዕገዳው አስተዋፅኦ ያደረገው ደግሞ የጎዳና ስም ነው። ተቀባዩ፣ የፊሊፒንሱ ሪዛል ባንክ ቅርንጫፍ፣ የማኒላ አካል በሆነችው ማካቲ ከተማ ጁፒተር ጎዳና ላይ ይገኝ ነበር፤ «ጁፒተር» ማዕቀብ ከተጣለባቸው የኢራን መርከቦች የአንዱ ስም ስለነበረ ማጣሪያው ነቃ። ካለፉት አምስቱ አንዱ 20 ሚሊዮን ዶላር ወደ ስሪ ላንካ ይሄድ የነበረው ሲሆን፣ የተቀባዩን ድርጅት ስም ሲጽፉ «ፋውንዴሽን» የሚለውን «ፋንዴሽን» ስላሉት በመሐል የነበረው ዶይቸ ባንክ ማብራሪያ ጠየቀ። ያ ገንዘብ ተመለሰ። የቀሩት አራቱ፣ 81 ሚሊዮኑ፣ ማኒላ ገቡ። እንግዲህ 850 ሚሊዮን ዶላር ያህል በማስጣል የረዳው የጥበቃው ብልጠት ሳይሆን የአንድ መርከብ ስም መሆኑን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።


መስመር ጠባቂ

የደብተራ ዘባንክን ጽሑፍ ተከትዬ ስለ ዱካው ልጻፍ፤ የጠያቂው ዋና ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ማተሚያው አልተበላሸም፤ እንዲያንቀላፋ ተደርጎ ነበር። ቤኤኢ ሲስተምስ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ይፋ ባደረጉት ትንታኔ መሠረት ተንኮል አዘሉ ፕሮግራም በስዊፍት ሶፍትዌር ውስጥ ሁለት ባይት፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሁለት የኮድ ቁራጮች፣ ብቻ ነው የለወጠው። የስዊፍቱ ሶፍትዌር አንድን ነገር ፈትሾ ትክክል ካልሆነ ወደ ሌላ መንገድ ዝለል የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ ያንን አንሥተው በቦታው ምንም አትሥራ የሚል ተኩ። ከዚያ በኋላ ፍተሻው ሁልጊዜ እንዳለፈ ይቆጠራል። ተንኮል አዘሉ ፕሮግራም የሐሰት ትእዛዞቹን ምልክት ከመረጃ ቋቱ ይሰርዛል፣ ወደ ማተሚያ የሚሄደውንም ፋይል ይነካካል። ይህን የጻፈ ሰው የስዊፍትን ሶፍትዌር ውስጡን ያውቀዋል፤ በአጋጣሚ ባንክ ውስጥ የገባ ጎረምሳ አይደለም።

የገቡበት በር ግን እጅግ ተራ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ «ራሰል አህላም» በሚል ስም ሥራ ፈላጊ የመሰለ ሰው ለባንኩ ሠራተኞች ኢሜይል ላከ፤ የሕይወት ታሪኬን ከዚህ ማውረድ ትችላላችሁ የሚል ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ነበር። አንዳንዶቹ ሊንኩን ተጫኑት። ሰርጎ ገቦቹ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በአውታሩ ውስጥ ሳይታዩ ቆዩ። የባንግላዴሽ ፖሊስ በበኩሉ ባንኩ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ) እንዳልነበረውና የስዊፍት ኮምፒውተሮቹ የተያያዙት 10 ዶላር በሚያወጡ ያገለገሉ ማገናኛዎች እንደነበር ተናግሯል።

ከዚህ ወደ ሠራዊት እንዴት ተደረሰ? መርማሪዎቹ ከወንጀሉ ተነሥተው ወንጀለኛውን አልፈለጉም፤ ይልቁንም ይህን ወንጀል ከሌሎች ወንጀሎች ጋር አስተያዩት። መረጃ ሰርዞ ዱካ የሚያጠፋው የፕሮግራሙ ክፍል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 የፊልም ኩባንያውን ሶኒ ፒክቸርስን ካወደመው ጥቃት ኮድ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በዲሴምበር 2015 በቬትናሙ ቲየን ፎንግ ባንክ ላይ የተሞከረውና የከሸፈው ስርቆትም በዚያው እጅ የተሠራ ይመስል ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ከዚያ ቀጥሎ ወደ ኢሜይል ሒሳቦቹ ሄደ። ለሶኒ ማጥመጃ ኢሜይል የተላከበት ሒሳብ የተከፈተበት መሣሪያ ለዳካ ማጥመጃ የተላከበትም ሒሳብ ተከፍቶበታል። «ኪም ህዮን ዉ» በሚል የፈጠራ ስም የተመዘገቡ ሒሳቦችም በእውነተኛ ስሙ ከሚሠራ አንድ ፕሮግራመር ሒሳቦች ጋር የሚነካኩበት ቦታ ተገኘ። ሰው የፈጠራ ስሙን ለብቻ፣ የራሱን ስም ለብቻ አድርጎ ለዓመታት መኖር ይከብደዋል፤ አንድ ቀን ተቻኩሎ በአንዱ መሣሪያ ሁለቱንም ይከፍታል።

ያ ፕሮግራመር ፓርክ ጂን ህዮክ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018 በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ይፋ የሆነው 179 ገጽ የክስ ቃለ መሐላ የሚከስሰው አንድ ግለሰብን ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራበትን ድርጅት ዘርዝሮ ይገልጻል። ድርጅቱ ቾሱን ኤክስፖ ጆይንት ቬንቸር ይባላል። በቻይናዋ የወደብ ከተማ በዳሊያን ቢሮ ነበረው፤ ለደንበኞች ሶፍትዌር እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ መነሻውም የደቡብና የሰሜን ኮሪያ የጋራ የንግድ ሥራ ሆኖ ደቡቦቹ የወጡበት ነው። ቃለ መሐላው ግን ይህ ኩባንያ ላብ 110 ከሚባለው የሰሜን ኮሪያ ወታደራዊ መረጃ ክፍል ጋር የተቆራኘ የሽፋን ድርጅት ነው ይላል። በእኛ አነጋገር የቀበሮ ባሕታዊ ነው፤ ቀን ለነጋዴ ድረ ገጽ ይሠራል፣ ያገኘው ዶላር ለመንግሥት ይገባል፣ ባለሙያዎቹም ለጦሩ ይሠራሉ። ፓርክ እስከ 2013 መጨረሻ አካባቢ ዳሊያን ሆኖ ለደንበኞች ሠርቶ ከሶኒ ጥቃት በፊት ወደ አገሩ መመለሱን ሰነዱ ያትታል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ክስ ከፓርክ ጋር ጆን ቻንግ ህዮክንና ኪም ኢልን ጨመረ። በዚህኛው ሦስቱም የጠቅላይ የቅኝት ቢሮ፣ ማለትም የሰሜን ኮሪያ ወታደራዊ መረጃ አባላት ናቸው ተብሏል፤ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመስረቅና በማስፈራራት ለመውሰድ ሞክረዋል ተብለው ተከስሰዋል። ምርመራው እስከ ጦሩ ደርሷል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ መልስ፣ አዎ ደርሷል፤ የደረሰው ግን በኩባንያው በኩል ነው።


ተጠራጣሪው

ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ሁሉ በጣም የተስተካከለ ሆነብኝ። ኮድ ይገለበጣል፤ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ ይቀያየራል፤ አንድ ብልኅ ሌባ የሶኒን ኮድ ቀድቶ በሰሜን ኮሪያ ዋና ከተማ በፒዮንግያንግ ላይ ቢያላክክ ማን ያውቃል? ሰሜን ኮሪያ ራሷ ክሱን ሐሰት ብላለች፣ ፓርክ የተባለ ሰው የለም እስከ ማለትም ደርሳለች። የባንግላዴሽ መርማሪዎችም በባንኩ ውስጥ ሠራተኞች ላይ ጥርጣሬ እንዳላቸው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። የባንኩ ገዥ አቲዩር ራህማን በማርች 2016 ሥልጣን የለቀቁት ነገሩን ለመንግሥት ሳያሳውቁ ቆይተው የገንዘብ ሚኒስትሩ ከጋዜጣ ስለሰሙት ነው። የውስጥ ሰው ሳይረዳቸው ማን የትኛውን ኮምፒውተር እንደሚጠቀም እንዴት አወቁ?


መስመር ጠባቂ

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ በኮድ መመሳሰል ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርስዎ ጋር እቆም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ሰሜን ኮሪያ ለአገሩ በሙሉ ያላት ይፋዊ የአይፒ አድራሻ 1,024 ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ከዚህ በላይ መሣሪያ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሩሲያው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ባንኮችን የሚያጠቃው ቡድን የሚጠቀምበትን አውሮፓ ያለ ሰርቨር መዝገብ ሲመረምሩ ከዚያች ጠባብ ክልል አንድ ግንኙነት አገኙ። ኤፍቢአይም ከሰሜን ኮሪያ አድራሻዎች ወደ ማጥመጃ ሒሳቦቹ የተደረጉ ግንኙነቶችን ጠቅሷል። አስመሳይ ኮድ ሊቀዳ ይችላል፤ ከፒዮንግያንግ ተቀምጦ መግባት ግን በቀላሉ አይቀዳም።

የውስጥ ሰው ነበረ ወይ ለሚለው፣ አንድ ዓመት በአውታሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰርጎ ገብ ማን ምን እንደሚጽፍ፣ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ያያል። የውስጥ ረዳት አያስፈልገውም፤ ይህ ማለት ግን ረዳት አልነበረም ማለት አይደለም።


ሕግ አዋቂ ነኝ አልልም

ጠያቂው ያነሡት ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም፤ እኔም ልገባበት የምፈልገው እርሱ ነው። ሥራዬ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ከመከላከል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን ጉዳይ የማየው ከማኒላው ጫፍ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይለይ። የሎስ አንጀለሱ ሰነድ ክስ ነው። ተከሳሾቹ ሰሜን ኮሪያ ስላሉ በእነርሱ ላይ ማስረጃው በመስቀለኛ ጥያቄ አልተፈተነም፤ እኔ በግሌ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ሆኖም አሳማኝ መሆንና መረጋገጥ የተለያዩ ናቸው። በሌላ በኩል በማኒላ የሆነው ነገር በምስክር፣ በባንክ ሰነድና በፍርድ ቤት ተመዝኗል። ታዲያ በጣም የምናወራለት ወገን ፍርድ አላየም፤ ፍርድ ያየው ወገን ደግሞ ብዙም አይወራለትም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 በጁፒተር ጎዳና ቅርንጫፍ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር የገባባቸው አራት የዶላር ሒሳቦች ተከፈቱ። ባለቤቶቹ በሐሰተኛ ሰነድ የቀረቡ፣ በእውን የሌሉ ሰዎች ነበሩ። ሒሳቦቹ ዘጠኝ ወር ያህል አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ 81 ሚሊዮኑ ገባባቸው። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሒሳብ ተሰብስቦ፣ ፊልሬም በተባለ የሐዋላ ድርጅት በኩል ወደ ፔሶ ተመንዝሮ፣ ቁማር ቤት ገባ። በፊሊፒንስ ሴኔት ምርመራ ላይ እንደተሰማው በነዚያ ቀናት የቅርንጫፉ ካሜራዎች አይሠሩም ነበር፤ 20 ሚሊዮን ፔሶ በጥሬው በሳጥን ተሞልቶ ከቅርንጫፉ በመኪና ሲወጣ ያየ ሠራተኛም መስክሯል። በሴኔቱ ፊት በቀረበው ስሌት ወደ 29 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው ሶሌር ለተባለው ካዚኖ፣ ወደ 21 ሚሊዮኑ ለሌላ የቁማር ድርጅት፣ ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጋው ደግሞ ቁማርተኞችን ወደ ካዚኖ ለሚያመጣ አንድ ደላላ በጥሬ ገንዘብ ሄዷል።

ቁማር ቤቱ ለምን ተመረጠ? በዚያን ጊዜ የፊሊፒንስ ሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ ሕግ ካዚኖዎችን አይመለከትም ነበር፤ በ2013 ሲሻሻል ሆን ተብሎ ከሕጉ ውጭ ተደርገዋል። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ባለቤት አለው፤ ቁማር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚያዝ ምልክት) ግን ባለቤቱ ማን እንደነበረ አይናገርም። በግል ክፍል ውስጥ ሁለት ወዳጆች ባካራ በተባለው የካርታ ጨዋታ በተቃራኒ ወገን ቢያስይዙ ከጠቅላላው የሚያጡት ጥቂት ነው፤ የቀረው በአሸናፊነት የተገኘ ንጹሕ ገንዘብ ሆኖ ይወጣል። ካዚኖዎቹ በሕጉ ውስጥ የገቡት ከዝርፊያው በኋላ፣ በጁላይ 2017 ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2019 የማካቲ ፍርድ ቤት የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ማያ ደጊቶን በስምንት ክሶች ጥፋተኛ ብሎ ለእያንዳንዱ ከ4 እስከ 7 ዓመት እስርና በድምሩ ወደ 109 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መቀጮ ፈረደባት። ጠበቆቿ ይህን ሁሉ ብቻዋን ልትሠራው አትችልም ብለው ነበር፤ እኔም ይህን ክርክር ቀላል አድርጌ አላየውም። የሪዛል ባንክ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ። የፊሊፒንስ ማዕከላዊ ባንክ በሪዛል ላይ 1 ቢሊዮን ፔሶ ቅጣት ጣለ፤ በጊዜው በዚያ አገር ታሪክ ከፍተኛው ነበር። ሪዛል ባንክ በበኩሉ ጥፋቱን በአፈንጋጭ ሠራተኛና በዳካው ባንክ ቸልተኝነት ላይ አድርጓል።

እንግዲህ የእኔ ንባብ ይህ ነው። በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል ጄኔራሎችና ባለሀብቶች እጅና ጓንት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሤሩበት ነው። መዝገቡ ይህን አያሳይም። በአንድ በኩል ወታደራዊ ተቋምና የራሱ የሽፋን ኩባንያ አለ፤ እዚያ ላይ ሤራ የሚለው ቃል ቦታው ነው። በሌላ በኩል ያሉት ባንክ፣ ሐዋላና ቁማር ቤት ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። 500 ዶላር የነበረበት ሒሳብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖች ሲገቡ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው፣ የሕጉ ቀዳዳም ይህን ያመቻችላቸው ነበር። የፊሊፒንስ የባንክ ምስጢር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1955፣ የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ ምስጢር ሕጉ ደግሞ በ1970ዎቹ የወጣ ነው፤ ዘራፊዎቹ ያንን ቀዳዳ አልፈጠሩትም፣ ተሠርቶ የተቀመጠ አግኝተውት ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል ግራጫ ዝርዝር፣ ማለትም የሕገወጥ ገንዘብ መከላከያቸው ጉድለት ያለበት አገሮች በሚከታተሉበት ዝርዝር፣ ውስጥ ስለነበረች በዘርፉ የምንሠራ ሰዎች ይህን የማኒላ ምሳሌ በየሥልጠናው ስንሰማው ኖረናል።

ስለዚህ ባልደረቦችዎ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። የጦሩ መገኘት የማኒላዎቹን ጥፋት አያደበዝዘውም፤ የማኒላዎቹ ጥፋትም ጦሩን ነጻ አያወጣውም።


አንባቢው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ክሱና ፍርዱ በተለያየ ወገን ላይ መውደቃቸውን አላስተዋልሁትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ዳካዎቹ ስርቆቱን ያወቁት በቅዳሜና እሑድ ከሆነ፣ ማኒላም ሰኞ ዝግ ከነበረች፣ ገንዘቡ ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር ማለት ነው? ከሆነ ለምን አልታገደም? ከዚያስ ምን ያህሉ ተመለሰ?


ደብተራ ዘባንክ

በትክክል ያዩት ነጥብ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያንገበግበው ክፍል ይህ ነው። ዳካ ክፍያው እንዲቆም የሚጠይቅ መልእክት ሰኞ ዕለት ልካ ነበር። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ማኒላ ስትከፍት መልእክቱ በሪዛል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የገቢ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብም ገና ሒሳቦቹ ውስጥ ነበር። በዚያው ቀን 58 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከቢሮ ሕይወት ላስረዳዎ። ከረጅም በዓል በኋላ ሥራ ስንገባ የመልእክቱ ወረፋ ረጅም ነው፤ ከላይ ወደ ታች በተራ ይነበባል። መልእክቱን የሚያነበው ክፍልና ገንዘቡን የሚከፍለው ቅርንጫፍ በተለያየ ሕንጻ ነው ያሉት፤ አንዱ ለሌላው ስልክ እስኪደውል ደንበኛው መስኮቱ ጋ ቆሟል። ይህ ቅን የሆነውን ቅርንጫፍ የሚመለከት ማብራሪያ ነው። የጁፒተሩን ቅርንጫፍ በተመለከተ ፍርድ ቤቱ የተለየ መደምደሚያ ላይ ደርሷል።

የተመለሰውን በተመለከተ፣ የስሪ ላንካው 20 ሚሊዮን ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ከ81 ሚሊዮኑ ደግሞ አንድ የቁማር ነጋዴ ከሴኔቱ ምርመራ በኋላ በተለያየ ጊዜ ያስረከበው ተደምሮ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለባንግላዴሽ ተሰጥቷል። የመጀመሪያው ርክክብ በማርች 2016 መጨረሻ ሲሆን 4.63 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በባንክ ዝውውር ሳይሆን በጥሬው፣ የዶላር እሽጎች ተይዘው መጥተው በማኒላ ባለሥልጣናት ፊት ተቆጠሩ። የቀረውን ለማስመለስ ዳካ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ሪዛል ባንክን ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ያ ፍርድ ቤት በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን ሲተወው በ2020 ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ፍርድ ቤት ይዛው ሄደች።